ደሴ ከፍለን ደብረ ሲና ወረድን

«ሂሳቡ የደሴ ነው» አለኝ ረዳቱ።

«እኛ እኮ ደብረ ሲና ነን» አልኩት።

«ገብቶኛል። ከደብረ ሲና ወዲያ ወንበሩን ባዶ ይዤው ልሂድ? ካልተመቻችሁ ሌላ መኪና ጠብቁ።»

እናቴ ከጎኔ ቆማለች። ጠዋት ዓይኗን ታክማ አንዱ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላውን ደግሞ ፀሐዩ እየወጋት በነጠላዋ ትጋርደዋለች። 7 ሰዓት አልፏል። የቆምነው አዲስ አበባ፣ ከመናኸሪያ ውጭ መንገድ ዳር ነው፣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ምን ላድርግ? ከፈልኩ። ለሁለት ሰው።

ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ሲና 190 ገደማ። ግማሽ እንኳን የማይሞላ መንገድ ሄደን የሙሉውን ከፈልን ማለት ነው። ለእኛ ያ ብር ቀላል አይደለም። እናቴ በየሁለት ወሩ ቀጠሮ አላት፣ ብቻዋን መሄድ አትችልም፣ ስለዚህ አንድ ቀጠሮ ማለት የአራት ሰው ሂሳብ ነው፤ ሁለት ስንሄድ፣ ሁለት ስንመለስ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የምንመላለስበት አለ።

ደብረ ሲና ስንደርስ ያየሁት ነገር ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ። ሻንጣችን ገና ከላይ ሳይወርድ ሁለት ልጆች ዘለው ገቡና እኛ በተነሳንበት ወንበር ቁጭ አሉ። ኮምቦልቻ ነበር የሚሄዱት። እነሱም ሂሳብ ተጠየቁ። ባዶ ይሄዳል የተባለው ወንበር ለአንድ ደቂቃ እንኳን ባዶ አልሆነም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሄን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፣ በየጉዞው የከፈልኩትን በደብተር ጽፌያለሁ፣ ሾፌርም ረዳትም ተራ አስከባሪም ጠይቄያለሁ። ያወቅኩትን የምጽፈው እንደኔ ታማሚ ይዞ ለሚመላለስ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለሚልክ፣ መንዝ ወይ ይፋት ቤተሰብ ላለው ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። የብሩን ቁጥር ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ታሪፉ ስለሚቀያየር ነገ አሳስታችኋለሁ። ዘዴው ግን አይቀየርም።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። በእኛ መስመር የምትከፍሉትን የሚወስነው የምትወርዱበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ መኪናው የሚያበቃበት ቦታም ነው። የደሴ መኪና ደብረ ሲና ወራጅ አይፈልግም። ከጫነም የደሴን ያስከፍላል፣ በተለይ መንገድ ዳር ካገኛችሁት። የደብረ ሲና መኪና ግን የደብረ ሲናን ነው የሚያስከፍለው፣ ሌላ የሚለው ነገር የለውም። ስለዚህ ከዋጋ በፊት የምጠይቀው «መጨረሻችሁ የት ነው?» ብዬ ነው። ታፔላውን ብቻ አትመኑ፣ አንዳንዴ ሳይቀየር የቀረ ነው።

መጨረሻው የእናንተ ከተማ የሆነ መኪና ከጠፋስ? ያኔ መንገዱን መቁረጥ ነው። የሚቆረጠው ግን የትም አይደለም። መኪና የሚያበቃበትና የሚነሳበት ከተማ ላይ ብቻ ነው የሚቆረጠው። በእኛ መስመር ይሄ ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ላምበረት መናኸሪያ ከሄዳችሁ የደብረ ብርሃን ሚኒባስም አውቶቡስም ከንጋት ጀምሮ እየሞላ ይወጣል። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ትወርዳላችሁ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ የደብረ ሲናውን ትይዛላችሁ። ሁለቱን ትኬት ስደምረው ያን ቀን ለአንድ ሰው ከከፈልኩት የደሴ ሂሳብ በጣም ያንሳል። አንድ ሰዓት ገደማ ይጨምርባችኋል። እናቴ ይሄን አንድ ሰዓት ወዳዋለች፣ ደብረ ብርሃን ወርዳ ሻይ በዳቦ ትቀምሳለች፣ እግሯን ታፍታታለች።

መቁረጥ ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት ግን አይደለም። ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት እያለ ሦስት መኪና ከቀያየረ ይከስራል። አጭር መንገድ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ውድ ነው፣ በየመውረጃው ደግሞ ጫኝ አለ፣ ውሃ አለ፣ የሚበላ ነገር አለ። በጠዋት ተነስቶ ቀጥታ የሸዋ ሮቢት መኪና መያዝ ነው የሚሻለው። እኔ በደብተሬ እንዳየሁት አንድ ጊዜ መቁረጥ ያዋጣል፣ ሁለት ጊዜ መቁረጥ አልፎ አልፎ ያዋጣል፣ ሦስት ጊዜ ግን አንድም ቀን አላዋጣኝም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በጭራሽ አትቁረጡ። ጣርማ በር መገንጠያ። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ መዘዞ የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ስሙኝ። በካርታ ሲታይ ልክ ይመስላል፤ የደሴን መኪና ይዘህ ጣርማ በር ትወርድና ከዚያ ወደ ግራ የሚታጠፈውን የመንዝ መኪና ትይዛለህ። እኔ አክስቴን ልጠይቅ መሐል ሜዳ ስሄድ አደረግኩት። መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ አካባቢ ጉሙ መጥቶ ሲያለብስ አሥር እርምጃ ወዲያ ያለ ሰው አይታይም፣ ብርዱ ልብስ አያግደውም። የሚመጣው የመንዝ መኪና ከደብረ ብርሃን ሞልቶ ነው የተነሳው፣ አይቆምም። ሁለት ሰዓት ከቆምኩ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ጋቢና ላይ አስገባኝ፣ የጠየቀኝም ከመናኸሪያው ታሪፍ እጥፍ ነው። የመንዝ ሰው ወይ በሌሊት ተነስቶ ቀጥታውን ይያዝ፣ ወይ ደብረ ብርሃን ገብቶ ከመነሻው ወንበር ይያዝ። መርሐ ቤቴ የምትሄዱ ደግሞ ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ የዓለም ከተማ መንገድ በሙከ ጡሪና በለሚ ነው፣ በዚህ በኩል ብትመጡ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

አሁን ወደ ታሪፉ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚጭበረበረው እዚህ ላይ ስለሆነ። ታሪፍ የሚወጣው በኪሎ ሜትር ነው፣ ግን አንድ አይነት አይደለም። መኪናው ደረጃ አለው፤ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ። መንገዱም ይለያል፣ አስፋልትና ጠጠር እኩል አይሰላም። ክልል የሚያቋርጠውን መስመር የሚተምነው ፌዴራል ነው፣ ክልል ውስጥ ያለውን ክልሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ስትመጡ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን አልፋችሁ ነው አማራ ክልል የምትገቡት፣ ስለዚህ ይሄ ክልል አቋራጭ ነው። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ያለው ደግሞ የክልሉ ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው በዚያው ቀን ላይጨምር ይችላል። «ትናንት ተጨምሯል» ሲሏችሁ የትኛው እንደተጨመረ ጠይቁ።

በሐምሌ 2014 ደግሞ የነዳጅ ድጎማው ለሁሉም መኪና መሆኑ ቀርቶ በዋናነት ለሕዝብ ማመላለሻው ሆነ፣ እሱም በቴሌብር እየተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ በተደጋጋሚ ጨምሯል። ነዳጅ በጨመረ ማግስት አዲሱ ታሪፍ ሳይወጣ በገዛ እጃቸው የሚጨምሩ አሉ። ሾፌሩ ላይ ብቻ አልፈርድም፣ ሰልፉንና የመለዋወጫውን ዋጋ አይቻለሁ። ግን ታሪፍ የወጣው እኮ እሱ ሁሉ ተሰልቶ ነው። በየመሀሉ የሚጨመረው ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ከእናቴ አይነት ሰው ኪስ ነው።

ስለዚህ ምን አደርጋለሁ? መናኸሪያ ስገባ መጀመሪያ የምሄደው ወደ መኪናው ሳይሆን ወደ ታሪፍ ሰሌዳው ነው። አንዱን ሰሌዳ ሳየው ቀለሙ ለቆ፣ ጥግ ጥጉ ዝጎ፣ የእኛ ከተማ ቁጥር ላይ ሰው ጣቱን እየጠቆመበት ተፍቆ 5 ይሁን 6 አይለይም ነበር። ገብቼ የስምሪት ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። ሳትሰለች ከመዝገቡ ላይ አሳየችኝ፣ በየደረጃው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ያ ፎቶ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደጠቀመኝ! «ደረጃው ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ ፎቶውን አያለሁ፣ ልክ ከሆነ እከፍላለሁ። ልክ ካልሆነ ሳልጮህ ስልኬን ዘርግቼ አሳያለሁ። አብዛኛው ረዳት ቁጥሩን ሲያይ ይመልሳል። ጠብ አያስፈልገውም። «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ያለው እንዲህ ነው፣ አንተም አትቸገር እኔም አልቸገር» ማለት ከስድብ ይልቅ ብር ያስመልሳል።

አንድ ጊዜ አልመልስም ያለኝ አለ። ትኬቱን ይዤ ነበር፣ የታርጋ ቁጥሩም ተጽፎበታል። መኪናው ሳይወጣ ወርጄ ለተራ አስከባሪው አሳየሁት፣ እሱ ወደ ቢሮ ወሰደኝ፣ ትርፉ የእኔም የሌሎች ስምንት ሰዎችም ተመለሰ። ወሳኙ ነገር መኪናው ግቢ ውስጥ እያለ መሆኑ ነው። መውጫ ቆርጦ ከወጣ በኋላ ሸኖ ላይ ብትከራከሩ የሚሰማችሁ የለም፣ ምናልባት ትራፊክ ፖሊስ ካጋጠማችሁ። ትኬት ሳይሰጣችሁ ደግሞ አትቀመጡ። «መንገድ ላይ እሰጣለሁ» የሚባል ነገር አለ፣ እሺ አትበሉ።

ከግቢ ውጭ ያለው ጨዋታ ሌላ ነው። ደላላው «የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ እጃችሁን ይይዛል፣ ትገባላችሁ፣ አራት ወንበር ባዶ ነው፣ የተቀመጡት ሰዎች እንኳን ግማሾቹ ሲሞላ የሚወርዱ ናቸው። የደላላው ኮሚሽን ደግሞ ከእናንተ ሂሳብ ላይ ነው። ከመንገድ መያዝ የሚያዋጣበት አንድ አጋጣሚ አለ፣ እሱም ሰው አድርሶ የሚመለስ መኪና ሲገኝ ነው። እሁድ ከሰንበቴ ገበያ የሚመለስ፣ ወይ ጻድቃኔ ማርያም ተሳላሚ አድርሶ ባዶውን ደብረ ብርሃን የሚገባ። እነዚህ ከባዶ ይሻላል ብለው ከታሪፍም ዝቅ አድርገው ይጭናሉ። ግን በዚሁ ቀን በተቃራኒው አቅጣጫ ብትሄዱ እሳት ነው። ገበያውና ንግሡ ወዴት እንደሚጎትት አስቡና በተቃራኒው ሂዱ።

ስለ ጭነትም ትንሽ ልበል። እናቴ ባዶ እጇን ዘመድ ቤት መግባት አትችልም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንዳንዴ ቅቤ። የጭነት ሂሳብ እንደ ሰው ታሪፍ ፊት ለፊት የሚታይ ሰሌዳ ላይ ስለማይገኝ ድርድር ነው። ጫኙ ጆንያውን ካነሳ በኋላ ዋጋ ብትጠይቁ አለቀላችሁ። መሬት ላይ እያለ ተስማሙ፣ ማውረጃውንም ጨምሮ። እኛ አሁን ጆንያውን ትተን እግር ሥር የሚገባ ሁለት ትንንሽ ፌስታል አድርገነዋል፣ የጭነት ሂሳቡ ሙሉ በሙሉ ቀረ። የበዓል በግ የምትልኩ ደግሞ የበጉን ማጓጓዣ ጨምራችሁ አስሉ። አጎቴ ከመንዝ በግ ርካሽ ነው ብሎ ለፋሲካ አስልኮ ከነማጓጓዣው ከነጫኙ ሲደምረው ሰፈሩ ከሚሸጠው ጋር እኩል ሆኖበታል።

በደብተሬ ያየሁት ትልቁ ነገር ግን ትኬት አይደለም። ከትኬቱ በኋላ የሚመጣው ነው። በሁለት ዓምድ ነበር የምጽፈው፤ በአንዱ የመኪና፣ በሌላው ሌላውን ሁሉ። አንድ ቀን እናቴን ይዤ ከሰዓት ተነሳን፣ ትኬቱ በታሪፍ ነው፣ ደስ ብሎኛል። አዲስ አበባ ስንደርስ መሸ። ከላምበረት እህቴ ቤት ድረስ በጨለማ ሁለት ታክሲ ቀያይሮ መሄድ ለእሷ አይቻልም፣ ኮንትራት ያዝን። ያ የኮንትራት ሂሳብ ከደብረ ሲና የመጣንበትን የአንድ ሰው ትኬት አለፈው! ከዚያ ወዲህ የምንነሳው ንጋት 12 ሰዓት ነው። ቀን ደርሰን በአንበሳ አውቶቡስ ወይም በታክሲ እንገባለን። ዋጋውን ስታሰሉ ከደጃችሁ እስከምትገቡበት ደጅ አስሉ እንጂ ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ አታስሉ።

ባቡር ላይ ይሄን ሁሉ በሌላ መልኩ አይቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ ድሬዳዋ ስትመረቅ በባቡር ሄድን። የእኛ አገር ሰው ባቡር ሲባል ይፈራል፣ አልለመደውም። የኢትዮ ጅቡቲው ባቡር ሰው ማመላለስ የጀመረው 2010 ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በአዋሽ አድርጎ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ጅቡቲ። እዚያ ዋጋው የሚለየው በርቀትና በምትቀመጡበት ነው። ወንበር አለ፣ አልጋ አለ። ባለ ሦስት ድርቡ አልጋ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ዋጋቸው የተለያየ ነው፣ ታችኛው ይወደዳል፣ ላይኛው ይረክሳል። ለወጣቶቹ ላይኛውን፣ ለእናቴ ታችኛውን ቆረጥን። ሁላችንም አንድ አይነት ብንቆርጥ ኖሮ በከንቱ ብዙ ብር እናወጣ ነበር። ቆጣሪዋ መስኮት ላይ ሆና ዋጋውን በየዓይነቱ ነገረችን፣ የሚከራከር የለም፣ ደላላ የለም። እናቴ ገርሟት «ይሄው ነው? ሌላ የሚጨመር የለም?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት።

ግን ባቡሩም የራሱ ወጪ አለው። የፉሪ ለቡ ጣቢያ ከላምበረት የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ከሰሜን ሸዋ ሄዳችሁ በጠዋት ለመድረስ አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው፣ የማደሪያውንና ከተማውን የምታቋርጡበትን ጨምሩ። ዘመድ ቤት ካላችሁ ያዋጣል፣ አልጋ ከያዛችሁ ግን ከአውቶቡሱ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል። ምንጃር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አዲስ አበባ መግባት ለምን ያስፈልጋችኋል? ከአረርቲ ወደ ሞጆ ወይ አዳማ ወርዳችሁ እዚያው ተሳፈሩ፣ መንገዱም ሂሳቡም ያጥራል። ባቡሩ በየትኛው ቀን እንደሚነሳ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ እኛ በሄድንበት ጊዜ በየቀኑ አልነበረም። በቆላው በኩል ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ ሥራ የጀመረ ቀን ደግሞ የእኛም መስመር ሂሳብ ይለወጣል፣ እኔ ያን ቀን እጠብቃለሁ።

የቀሩት ቀኖቹ ናቸው። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው መናኸሪያው ሰው በሰው ነው፣ ታሪፉ ሰሌዳው ላይ አልተቀየረም፣ መኪናው ግን ከግቢ ወጥቶ ነው የሚጭነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲገባና ሲወጣም እንደዚያው ነው። ዓርብ ከሰዓት ከአዲስ አበባ መውጣት፣ እሁድ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ መግባት፣ ሁለቱም ከባድ ናቸው። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት ግን ረዳቱ ራሱ ይለምናችኋል።

እኔ ለረጅም ጊዜ የሐኪም ቀጠሮ የማይነካ ነገር ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈልንን ቀን ተቀብለን እንወጣለን፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ ነው፣ ሰኞ ማለት ደግሞ እሁድ ከሰዓት መጓዝ ማለት ነው። ባለፈው የተሰጠን ቀጠሮ ከገና ዋዜማ ጋር ተጋጨ። እንደ ወትሮው ወረቀቱን አጥፌ ልወጣ ስል ተመለስኩና ነርሷን «እህቴ፣ ከሩቅ ነው የምንመጣው፣ እሷም አቅመ ደካማ ናት፣ ሳምንት አሳልፈሽ መሀል ሳምንት ላይ ብታደርጊልን ሐኪሟ ይፈቅዳል?» ብዬ ጠየቅኳት። ካርዷን ይዛ ገባች፣ ጠይቃ ወጣች፣ በእስክሪብቶ ሰረዘችና ረቡዕ ብላ ጻፈችልን።